«ለምን ለቀቅሽ?» አሉኝ፤ እኔ መች ለቀቅኩ!

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሰሞኑን ሌላ ሆቴል ለኢንተርቪው ጠራኝ። ጠያቂው የውጭ አገር ሰው ነበሩ። ስለ ሥራ ልምዴ ሲጠይቁኝ «አይ ወርክድ ኢን ሪሰፕሽን ፎር ፎር ይርስ» አልኳቸው። ወዲያው «ለምን ለቀቅሽ?» አሉኝ። እኔ መች ለቀቅኩ! ዛሬም የማታ ፈረቃ አለኝ። ግራ ገብቶኝ ስንተባተብ የደበቅኩት ነገር ያለ አስመሰለብኝ። ጥፋቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ዓረፍተ ነገርሽ አንድም ስሕተት የለበትም። ችግሩ የተናገርሽው የሌላ ሴት ታሪክ መሆኑ ነው፤ አራት ዓመት ሠርታ የወጣች ሴት።

በአማርኛ «አራት ዓመት ሠራሁ» ብትይ «አሁንስ?» ብሎ የሚጠይቅሽ ይኖራል እንጂ ለቃለች ብሎ የሚደመድም የለም። የእንግሊዝኛው ሲምፕል ፓስት (ያንቺ «ወርክድ») ግን በሩን ዘግቶ ነው የሚሄድ። በሩ ገና ክፍት ከሆነ ፕረዘንት ፐርፌክት ያስፈልግሻል፦ «አይ ሃቭ ወርክድ ኢን ሪሰፕሽን ፎር ፎር ይርስ»። በዚህች «ሃቭ» የተነሳ ሰውየው ዛሬም እዚያው እንዳለሽ ይገባቸው ነበር። (አነባበቡ «ወርክት» ነው፣ መጨረሻው ት። ለእሱ ሌላ ቀን እመለሳለሁ።)

«ታዲያ ሠራሁ ሲምፕል ፓስት፣ ሠርቻለሁ ፕረዘንት ፐርፌክት ነው ብዬ ልያዘው?» ትይኝ ይሆናል። ብዙ መምህራን እንዲህ ነው የምናስተምረው። እኔም ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ግማሽ መንገድ ያደርሳል፤ ከዚያ ጥሎሽ ይሄዳል። እኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» እንላለን፣ ምንም አይጎረብጠንም። በእንግሊዝኛ ግን «የስተርዴይ» እና «ሃቭ ሲን» አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይስማሙም። ትናንት፣ አምና፣ ቅዳሜ ዕለት ብለሽ ቀኑን ከቆረጥሽው «አይ ሶው ሂም የስተርዴይ» ነው፣ አለቀ። ስለዚህ ግሱን ትተሽ የጊዜውን ቃል ተመልከቺ። «ገና»፣ «እስካሁን»፣ «በሕይወቴ» የሚሉት ወደ «ሃቭ» ይወስዱሻል።

ከሁሉ የባሰው አሉታው ነው። «መጣ» እና «መጥቷል» ሁለት ናቸው። ሁለቱንም ስታፈርሻቸው ግን «አልመጣም» ብቻ ይቀርሻል። እንግዳው ትናንት ሳይመጣ ቀርቶ ከሆነ «ሂ ዲድንት ኬም» አትበይ፣ «ሂ ዲድንት ከም» ነው። አሁንም እየጠበቅሽው ከሆነ ግን «ሂ ሃዝንት ከም የት»። በአማርኛ ልዩነቱን የምትሸከመው «ገና» ናት፣ እሷንም ብዙ ጊዜ እንውጣታለን። እንግዳ መቀበያ ላይ ሆነሽ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ብትተኪው፣ አለቃሽ ክፍሉን ለሌላ ሰው ሊሰጠው ይችላል።

ከቤታችን የሚመጣ ሌላም ወጥመድ አለ። ሰው ሲጠራን «መጣሁ!» እንላለን፣ ገና ከወንበራችን ሳንነሣ። በወጣትነቴ አንዲት የውጭ አገር ባልደረባዬ ከኮሪደሩ ስትጠራኝ በኩራት «አይ ኬም! አይ ኬም!» ብዬ ጮህኩ። ወጥታ ግራና ቀኝ ስትፈልገኝ አየኋት። እኔ እኮ ገና ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። «አይ አም ከሚንግ» ማለት ነበረብኝ። «ራበኝ» እና «ደከመኝ»ም እንደዚያው ናቸው። መልካቸው የትናንት፣ ሆዱ ግን የአሁን ነው። «አይ ዎዝ ሃንግሪ» ብትይ፣ ሰሚሽ በልተሽ የጠገብሽ ይመስለዋል፤ ምግብም አያቀርብልሽም።

«ስደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» ላይ ግን አትጨነቂ። «ሄዶ ነበር» ማለት «ሃድ ጎን» ነው፣ ቁርጥ የእኛው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ለሚቀጥለው ኢንተርቪው «ሲንስ» ብለሽ ዓመተ ምሕረት ከጠራሽ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሁን። በጥቅምት 2014 ከጀመርሽ «ሲንስ ኦክቶበር 2021» በይ። «ሲንስ 2014» ካልሽ ሰባት ዓመት በነፃ ጨመርሽ ማለት ነው። ያኔ ደግሞ የሚጠይቁሽ ሌላ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሰባተኛ ክፍል ያለ ልጄ «ዲድ ዩ ዌንት» ብሎ ጽፎ መምህሩ በቀይ አሰመረበት። «የትናንቱን አይደል እንዴ የምጠይቀው?» ይለኛል። እኔም መልስ አጣሁ። (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ልጅዎ በአማርኛ አስቦ ነው የጻፈው። ያስደስታል እንጂ አያናድድም። እኛ «ሄድክ?» ስንል ግሱ ራሱ ኃላፊ ነው፣ የሚያግዘው ቃል አያሻውም። እንግሊዝኛ ግን ለጥያቄው ረዳት ግስ ያቆማል። እስቲ በታክሲ ይንገሩት። ረዳቱ ሂሳብ ከተቀበለ በኋላ ሾፌሩ ዞሮ «ሂሳብ!» ይላል? አይልም። «ዲድ» ረዳቱ ነው፤ የኃላፊ ጊዜውን ሂሳብ ተቀብሏል። ስለዚህ ሾፌሩ ባዶ እጁን ይነዳል፦ «ዲድ ዩ ጎ?»። ረዳት በሌለበት ታክሲ ሾፌሩ ራሱ ይቀበላል፦ «አይ ዌንት»።

«ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያለ በቃል መሸምደዱንም አያስቁሙት። አንዳንዶች ዘዴው አሮጌ ነው ይላሉ። እነዚያ አመለኛ ግሶች ግን በሌላ መንገድ እሺ ሲሉ አላየሁም። «ሪድ» የሚለውን ብቻ ያስጠንቅቁት። ኃላፊው ሲጻፍ ልክ እንደ አሁኑ ነው፣ ሲነበብ ግን «ሬድ» ይሆናል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አገር ቤት «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» ተብዬ ነው የተማርኩት። እዚህ አለቃዬ «ዲድ ዩ ኢት የት?» ይሉኛል። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማንም። አንተ የተማርከው የእንግሊዞቹን ደንብ ነው። አሜሪካኖች በንግግር ከ«የት» እና ከ«ኦልሬዲ» ጋር ሲምፕል ፓስቱን አዘውትረው ይጠቀማሉ። ፈተና ላይ ከተቀመጥክ የተማርከውን ጻፍ፣ እሱን የትም አይቀንሱልህም። አለቃህ ሲጠይቁህ ግን «ኖት የት» በልና ምሳህን ብላ።