ከማረማችሁ በፊት የልጁን ፊደል እዩ

ይድረስ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎና ገላን እንግሊዝኛ ለማስተማር ለተመደባችሁ ወጣት መምህራን፦

እናንተ በምትገቡበት የከተማ ዳር ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡት ሦስት ልጆች አንዱ ማንበብ የጀመረው በሳባ ፊደል፣ ሌላው ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ያንኑ የእንግሊዝኛ ቃል ይስቱታል፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። «ምላሱ አይታዘዝለትም» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ልጁ የትኛውን የንባብ ሕግ ይዞ እንደመጣ ተመልከቱ።

ቁቤው ይቀላል። ኤክስ የምንላት ፊደል በቁቤ «ጥ» ናት፤ ሲ ብቻዋን «ጭ»፤ ፒና ኤች ሲገጥሙ «ጵ»። ስለዚህ ሣጥን የሚለውን እንግሊዝኛ «ቦጥ»፣ ስልክ የሚለውን «ጶኔ» ብሎ ያነበበ ልጅ በቁቤ ሕግ አልተሳሳተም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየክፍለ ጊዜው 5 ደቂቃ ስጡት፤ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍላችሁ በግራ የኦሮምኛ፣ በቀኝ የእንግሊዝኛ ቃል እየጻፋችሁ አነጻጽሩ። ኦሮምኛ የማትችሉ ከሆነ ቃሎቹን ልጆቹ ያምጡላችሁ፤ ደስ ይላቸዋል።

የሳባው መዘዝ ይብሳል። ልጁ ትምህርት ቤት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አነባበብ በደብተሩ ኅዳግ «ስኩል» ብሎ ይጽፋል። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ ያዝላል፣ አንዳንዴ ባዶውን ይሄዳል፤ ጽሑፉ አይለየውም። አማርኛ ደግሞ በቃል መጀመሪያ ተነባቢ በተነባቢ ላይ መደረብ ስለማይወድ ልጁ ወይ «እስኩል» ይላል፣ ወይ «ስ»ንና «ክ»ን በአጭር አናባቢ ይለያያቸዋል። አንድ ምት የነበረው ቃል ሁለት ይሆናል። (እዚህ እኔም በሳባ መጻፌ ግድ ሆኖብኝ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ግን አታድርጉት።)

እጁን ጉሮሮው ላይ ያድርግ። መጀመሪያ «ኩል» ብቻ ይበል። ቀጥሎ «ስስስስ» እያለ 3 ሰከንድ ያህል ይቆይና ሳያቋርጥ «ኩል» ላይ ይግባ። ጉሮሮው መንዘር የሚጀምረው «ኡ» ላይ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ከነዘረ አናባቢ ሾልኮ ገብቷል። ሲለምደው «ስ»ን አሳጥሩለት፤ ለቃሉም አንዴ ብቻ ያጨብጭብ።

ያው እጅ የቃል መጨረሻንም ያርማል። ጠየቀ ለማለት «አስክድ» የሚሉት ኢና ዲን መጨረሻው ላይ ስለሚያዩ ነው። ጉሮሮን ከማያነዝር ድምፅ በኋላ «ት»፣ ከሚያነዝር በኋላ «ድ»፣ ከ«ት» ወይም ከ«ድ» በኋላ ብቻ «ኢድ» ይሆናል። «ስ፣ ክ፣ ት» ማከታተል ከከበደው «ክ»ን ቢውጣት እለፉት፤ ባለቋንቋዎቹም ሲጣደፉ ይውጧታል።

ብዙ መምህር ልብ የማይለው ማጥበቅን ነው። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ በድርብ ፊደል ስለሚጽፍ ልጁ በጋ በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ሁለት ኤም ሲያይ «ም»ን ያጠብቃታል፤ ባለ ሳባውም ይከተለዋል። እዚያ ድርቡ የሚያመለክተው ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን እንጂ ጥብቀትን አይደለም። ማስረጃው በእጃችሁ ነው፦ የገና በዓልንና «ገና ነው»ን አስጠሯቸው። የምትፈልጉት የሁለተኛውን ላላ ያለ «ን» ነው።

ለ«ፕ» ከደብተር 2 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 15 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ወረቀት ቅደዱ። ከከንፈር ሦስት ጣት ያህል ርቆ ይንጠልጠል። ፖሊስን «ቦሊስ» የሚል ልጅ ወረቀቱን አያርገበግበውም። ከ«ስ» ቀጥሎ ስትመጣ ግን፣ ለምሳሌ በ«ስፖርት»፣ ትንፋሿ ይቀንሳልና ወረቀቱ ዝም ቢል አትደንግጡ።

በቲና በኤች የሚጻፈው ድምፅ ላይ ሳምንታት አታቃጥሉ። አፍ ለማለት አይጥ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ እውነት ነው፤ ግን አድማጭ ከዐውዱ ይረዳዋል። የቋንቋ ምሁሯ ጄኒፈር ጀንኪንስም እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለም አቀፍ መግባባትን ከሚያስጠብቁት ድምፆች ዝርዝር አውጥታዋለች። ስታስተምሩት ልጁ «ስስስ» እያለ የምላሱን ጫፍ ቀስ ብሎ ወደፊት ይግፋ፤ ጫፉ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር በጥርሶቹ መሀል ሲታይ ስለታሙ ፉጨት ይደነዝዛል፤ እሱ ነው። ምላስ ማውጣት ስድብ ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ታላቁ ፊት ማድረግ ይከብደዋል። መጀመሪያ እናንተ አውጡ፤ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለማመዱ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጆሮ ይፈተን፤ ያልሰማውን ድምፅ አይናገረውም። አሳማና ትልቅ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ውሰዱ፤ ልዩነታቸው «ፕ» እና «ብ» ብቻ ነው። እያቀላቀላችሁ 10 ጊዜ ጥሩ፤ አሳማ ከሰሙ አንድ ጣት፣ ትልቅ ከሰሙ ሁለት ያውጡ። 8 ያላገኘ ልጅ ወደ ወረቀቱ አይለፍ፣ ነገም ይስማ። ዓይናቸውን ይጨፍኑ፤ አለዚያ 60 ልጅ ባለበት ክፍል የኋለኛው የሚያነበው የፊተኛውን ጣት ነው።