የሠራተኛ ደመወዝ ይዞ ነዳያንን ማብላት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ምግብ ቤት አለኝ። በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር አዘጋጅቼ ነዳያንን አበላለሁ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን የሠራተኞቼን ደመወዝ ሁለት ሦስት ወር አዘገያለሁ፤ ሳልከፍላት የሄደች ልጅም አለች። ምጽዋቱ ይህን አይሸፍንልኝም? የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖችስ ገንዘቡ ከየት መጣ ሳይሉ ይካፈሉ አልነበረም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ዝክርሽን አልነቅፍም። ግን ይህን ስንት ነጋዴ ጠይቆኛል! ሁሉም «ምጽዋት ከሞት ታድናለች» የሚለውን ይዞ ይመጣል፤ ሲራክ ከድሆች ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርበውን፣ ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ሰው ጋር ማመሳሰሉን ግን የሚያነሣልኝ የለም።

የጥንቶቹም ከየት መጣ ብለው ይጠይቁ ነበር። በ2ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሮም የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ እንደጻፈው፣ እሑድ ከቍርባን በኋላ ያለው ሰው እንደ ፈቃዱ ይሰጣል፤ የተሰበሰበውም ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል። መስጠቱ በፈቃድ ነው፤ መቀበሉ ግን ሥርዓት ነበረው። በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበውን የሥርዓት መጽሐፍ፣ ዲድስቅልያን ተመልከቺ። ኤጲስ ቆጶሱ ድሀን ከሚበድል፣ በሐሰተኛ ሚዛን ከሚነግድ፣ አገልጋዮቹን ከሚያስጨንቅ ሰው መባ እንዳይቀበል ያዝዛል። ታዲያ መበለቶቹ ምን ይብሉ? ከእንዲህ ያለው እጅ ከመቀበል በረሃብ ማለቅ ይሻላል ይላል። ሳይወድ በግድ የተቀበለ እንደሆነም፣ መበለቲቱና የሙት ልጅ እንዳይበሉበት ማገዶና ከሰል ይግዛበት ይላል። ይህን ባነበብሁ ቍጥር እደነቃለሁ። በዚያ ሥርዓት ያንቺ ገንዘብ ከድስቱ ሥር ይነዳል እንጂ ወጥ አይሆንም ነበር።

ዘኬዎስን አስቢ። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፤ የበደላቸውን ሰዎች ዕዳ ግን ከዚያ ላይ አልቀነሰም፣ ለብቻው አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ያዕቆብም (5፥4) የተቀማ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። አንቺ ዘገየ ትያለሽ፤ የቤት ኪራይ ያለባት ዕቃ አጣቢሽ ግን እንደዚያ አትለውም።

ገበያ መቀዝቀዙን አምንሻለሁ። እንግዲያው የሚቀንሰው ድግሱ ይሁን። ለዚህ ወር ዝክር ያሰብሽውን አስቀድመሽ ለሠራተኞችሽ ክፈዪ፤ በ12 አንድ እንጀራ ብትቈርሺ ቅዱስ ሚካኤል አይቀየምሽም። የሄደችውን ልጅ ፈልጊና ሒሳቧን ከይቅርታ ጋር ስጪያት። ፈጽሞ ካልተገኘች ከንስሐ አባትሽ ጋር ትመክሪበታለሽ። ነገር ግን «አላገኘኋትም» ለማለት አትቸኵዪ፤ መጀመሪያ ያስቀጠራትን ደላላ ጠይቂው።