ነጋዴና ስሙ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ስለ ታላላቅ ነጋዴዎችና ባለሀብቶች ጥያቄ ላኩልን ብለን ነበር። ከሰሜን ሸዋ ብቻ የመጣው ራሱ ለዚህ ገጽ ስለበዛ አራቱን መርጫለሁ። ዓመተ ምህረት ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ
ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። አባቴ ባና ሸማኔ ነው። የኢንተርፕረነርሺፕ አስተማሪያችን አንድሪው ካርኔጊ የሚባል የሸማኔ ልጅ የዓለም ሀብታም ሆነ አለን። እውነት የሸማኔ ልጅ ነው ወይስ እኛን ለማነቃቃት ነው? ደሞስ ጥሩ ሰው ነበር?

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። በ1835 ስኮትላንድ ውስጥ ደንፈርምሊን በምትባል ከተማ ነው የተወለደው፣ አባቱ በእጅ የሚሸምን ሰው ነበር፣ በኋላ በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን መጣና የእጅ ሸማኔው ሥራ ፈታ፣ ቤተሰቡ የመሳፈሪያ ተበድሮ በ1848 አሜሪካ ገባ። ልጁ መጀመሪያ የተቀጠረበት ሥራ ደሞ እዛው ሽመና ውስጥ ነው፣ ጥጥ ፋብሪካ ገብቶ ቀሰም መለዋወጥ፣ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም። ሥራውን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፣ ማጉ ሲያልቅ ሸማኔው ቆሞ እንዳይጠብቅ ቶሎ ቶሎ ሞልቶ ማቀበል ነው።

ከዛ ቴሌግራም አመላላሽ ሆነ። በዚህ ጊዜ የሆነችውን ነገር ብዙ ሰው አይናገራትም፣ እኔ ግን ከሀብቱ በላይ የምትገርመኝ እሷ ናት። አንደርሰን የሚባል ኮሎኔል 400 የሚያህሉ መጻሕፍቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኛ ልጆች ያውስ ነበር፣ በኋላ ቤተመጻሕፍቱ ሰፋ ሲል ካርኔጊን አንተ የእጅ ሙያ ተለማማጅ ስላልሆንክ 2 ዶላር ክፈል አሉት። ልጁ ዝም አላለም፣ ጋዜጣ ላይ ጽፎ ተከራከረ፣ በነፃም ገባ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም፣ ያነበበው እዛ ነው። ቴሌግራፉንም ወረቀት ላይ ሳያይ ድምፁን ብቻ ሰምቶ መጻፍ ለመደ፣ ያንን ይችል የነበረው ሰው ጥቂት ነው፣ በሱ የተነሳ ፔንሲልቬንያ የባቡር ድርጅት ወሰደው፣ ከባቡር ወደ ብረት ድልድይ፣ ከድልድይ ወደ ስቲል እያለ ሄደና በ1901 ኩባንያውን ለባንክ ባለሀብቱ ለጄ.ፒ. ሞርጋን በ480 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው።

ጥሩ ሰው ነበር ወይ ላልከው እንዲህ በቀላሉ አዎ ልልህ አልችልም። በ1892 ሆምስቴድ በሚባለው ፋብሪካው የሠራተኛ ማህበሩን ለመስበር ሥራ አስኪያጁ ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ በሩን ዘጋ፣ ፒንከርተን ከሚባል የግል ጥበቃ ድርጅት 300 የሚሆኑ የታጠቁ ጠባቂዎች በወንዝ በጀልባ አስመጣ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ካርኔጊ ያኔ ስኮትላንድ ነበር ግን ፍሪክን አይዞህ ብሎ የሄደው እሱ ነው። ማህበሩ ተሰበረ፣ ሰዉ በቀን 12 ሰዓት መሥራቱን ቀጠለ። በኋላ እዛው አካባቢ ትልቅ ቤተመጻሕፍት ሠራላቸው፣ ግን 12 ሰዓት እሳት ፊት ቆሞ የዋለ ሰው ማታ ምን አቅም ኖሮት ያነባል? በዓለም ላይ በጠቅላላ ከ2,500 በላይ ቤተመጻሕፍት አሠርቷል፣ ሳይሞት ከሀብቱ አብዛኛውን ሰጥቷል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው አልክድም። ግን የመጽሐፉ ብር ከማን ጉልበት እንደመጣም አብሮ መነገር አለበት፣ አስተማሪህንም ይሄን ጨምርልን በለው።

ጥያቄ፦ ከአሊዩ አምባ
እንደምን አላችሁ። በእድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ። አገራችን የጥንት ገበያ እንደነበረች ከአባቶቻችን ሰምተናል፣ ፈረንጅ ጠመንጃ ይዞ በዚህ አለፈም ይባላል። የናንተ መጽሔት ግን ሁሌ ስለ አሜሪካ ሀብታም ነው የሚያወራው። የኛ ነጋዴ ስም የለውም?

መልስ፦ አባቴ፣ ወቀሳዎን ተቀብለናል፣ እንደውም ከዚህ ዕትም ደስ ያለኝ የርስዎ ጥያቄ ነው። አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) የሸዋ ዋና የንግድ በር ነበረች። አንኮበር ላይ ቤተ መንግሥቱ፣ ከሱ ወረድ ብሎ ገበያው። ከታጁራና ከዘይላ ወደብ ተነስቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠው የግመል ቅፍለት የሚራገፈው እዚያ ነው፣ የሐረር ነጋዴ፣ አርጎባው፣ አፋሩ እዛ ይገናኛሉ፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠራል፣ የማርያ ቴሬዛ ብር ይመነዘራል፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይጫናል። ሰውም ይሸጥ ነበር፣ አጠገባችሁ አብዱል ረሱል የሚባለው ቦታ የባሪያ ገበያ እንደነበር የጻፉ አሉ፣ የንግዱን ክብር ስናነሳ ይሄንን ልንዘለው አይገባም። በ1841 እንግሊዞች በካፒቴን ሃሪስ የተመራ መልእክተኛ ልከው ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል የተፈራረሙትም ያ በር ስላስጎመጃቸው ነው።

ጠመንጃ ይዞ ያለፈው ፈረንጅ ያሉት አንድ ብቻ አይደለም፣ በጣም የሚታወቀው ግን ገጣሚው አርተር ራምቦ ነው፣ ሐረር ቤቱን የሚያሳዩለት። ለምኒልክ ወደ 2,000 የሚሆን ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ተጉላላ፣ ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ፈረንሳይ ሄዶ ሞተ፣ በ1886 መጨረሻ ብቻውን ቅፍለቱን አስነስቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ሲደርስ ምኒልክ የሉም፣ ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ እየተመለሱ ነው። እንጦጦ ተከትሎ ሄደ፣ ንጉሡ በፈለጉት ዋጋ ገዙት፣ የሟቹ የላባቱ ዕዳ ተብሎ ተቀነሰበት፣ ቀሪውንም ሐረር ሄደህ ከገዢው ከመኮንን ተቀበል ተባለ። ያ ሁሉ በረሃ ታልፎ ትርፍ የለም። ምኒልክ ግን ገበያውን ያውቁታል፣ ከዚህ የሚመለስ ጠመንጃ የጫነ ግመል እንደሌለ ገብቷቸዋል።

የኛ ነጋዴ ስም የለውም ወይ ላሉት፣ ስም አለው፣ የቀረው ግን ሹመት ያገኘው ነው። ነጋድራስ የሚባለው ሹም የነጋዴዎች አለቃና ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር፣ ከነሱ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደሚካኤል የአዲስ አበባ ነጋድራስ ሆነው ቆይተው በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ተራው የአርጎባ ነጋዴ፣ ቅፍለቱን የመራው፣ አደራ ተቀብሎ ሐረር ያደረሰው፣ እሱ በስሙ አልተጻፈም፣ ምክንያቱም ደብዳቤና ማስታወሻ የጻፉት ፈረንጆቹ ናቸው፣ እነሱ ደሞ ንጉሡንና ራሳቸውን ነው የሚጽፉት። ይሄ ያንገበግበኛል። ገበያው የሞተውም ነጋዴው ስለሰነፈ አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ወረደ፣ ሐረር በ1887 ተያዘና መንገዱ በጨርጨር ዞረ፣ በ1894 ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ፣ ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የአንኮበር መንገድ ያለ ጭነት ቀረ። አባቴ፣ የነጋዴ ቤተሰብ ልጆች እዛ አካባቢ ዛሬም ካሉ የአያቶቻቸውን ስምና ይነግዱት የነበረውን አስጽፈው ይላኩልን፣ እንዳለ እናትመዋለን።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት
ሴት የለችም እንዴ በናንተ ታሪክ ውስጥ? ፀጉር ቤት ከፍቻለሁ፣ ሴት ነጋዴ ንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ ያንቺማ የሙያ አጋርሽ ናት። ማዳም ሲ.ጄ. ዎከር፣ በ1867 አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች የተወለደች፣ በ7 ዓመቷ እናት አባት ያጣች፣ ለዓመታት የሰው ልብስ እያጠበች የኖረች ሴት። ፀጉሯ እየረገፈ ሲያስቸግራት የፀጉር ቅባት ሥራ ውስጥ ገባች፣ የሰው በር እያንኳኳች ለጥቁር ሴቶች ሸጠች፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ፋብሪካ ከፈተች። ትልቁ ነገር ግን ቅባቱ አይደለም፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችን አሰልጥና ሻጭ አደረገቻቸው፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና የኖረች ሴት በኮሚሽን የራሷን ብር መያዝ ጀመረች። በ1919 ሞተች። ካርኔጊም የሞተው በዛው ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን
እኔ ፋብሪካ ተቀጣሪ ነኝ፣ ፈረቃ ነው የምሠራው። የባለቤቶች ታሪክ ለኔ ምን ይጠቅመኛል? እኛ እኮ ታሪኩ ውስጥ የለንም።

መልስ፦ ትክክል ነህ፣ ለዚህም ነው አንድ ባለሀብት ሲወራልህ መጀመሪያ ፈረቃው ስንት ሰዓት ነበር ብለህ ጠይቅ የምልህ። ካርኔጊ የሸጠው ኩባንያ ዩ.ኤስ. ስቲል ሆኖ የ12 ሰዓት ፈረቃውን ያነሳው በ1923 ነው። ህንድ ውስጥ ግን፣ ያውም በቅኝ ግዛት ዘመን፣ የታታ ብረት ፋብሪካ በ1912 የ8 ሰዓት ፈረቃ ጀምሯል። መስራቹ ጃምሼትጂ ታታ በ1877 ናግፑር ላይ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ከፍቶ በ1886 ለሠራተኞቹ የጡረታ ፈንድ ያቋቋመ ሰው ነው፣ ይሄን ያደረገው መንግሥት አስገድዶት አይደለም። በ1904 ሲሞት ብረት ፋብሪካውንም፣ ባንጋሎር የተከፈተውን የሳይንስ ተቋምም አላያቸውም፣ ልጆቹና ተከታዮቹ ናቸው የጨረሱት።

ሌላው ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ ነው፣ የአናጢ ልጅ፣ እናቱ በእጅ ስትሸምን እያየ ያደገ። የሠራው ማሽን ድር ሲበጠስ ራሱ ይቆማል፣ ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽን ሊጠብቅ ይችላል፣ የተበላሸ ጨርቅም አይወጣም። የዚህን ማሽን መብት በ1929 ለእንግሊዙ ፕላት ኩባንያ በ100,000 ፓውንድ ሸጡት፣ ልጁም የመኪና ምርምር ውስጥ ገባ፣ ቶዮታ የመጣው ከዛ ነው። አንተ የምትሠራው ጨርቅ ይሁን ቢራ ወይ ብርድልብስ አልነገርከኝም፣ ግን ማሽንህ የቱ ጋ እንደሚያስቸግር ከባለቤቱ በፊት የምታውቀው አንተ ነህ። እሱን በደብተር ያዘው፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንደተበላሸ። ወደ አለቃ ስትሄድም ደብተሩን ይዘህ ሂድ።