ቨርዥን በእጅ መቀየር ለሰለቸህ

ጥያቄህ እንደገባኝ፣ ስድስት ሞጁል ያለው የጃቫ ፕሮጀክት አለህ። በየሪሊዙ ቨርዥኑን በእጅህ ትቀይራለህ፣ አንዱ ፋይል ሁሌ ይረሳል። የትኛው ፕለጊን ይገላግለኛል ነው ያልከው።

እኔም በዚሁ ብዙ ተንገላትቻለሁ ወንድሜ። መጀመሪያ የያዝኩት የሜቨንን (ጃቫ ፕሮጀክት የሚገነባው መሣሪያ) ሪሊዝ ፕለጊን ነበር። ፕሪፔር ስትለው ስናፕሾት (ገና ያልወጣ ቨርዥን) የሚለውን ቅጥያ ያነሳል፣ ኮሚት ያደርጋል (ለውጡን በጊት፣ በኮድ ታሪክ መዝጋቢው ላይ ይመዘግባል)፣ ታግ ይለጥፋል (ለዚያች ኮሚት የቨርዥን ስም ይሰጣል)፣ ለቀጣዩ ስናፕሾት ደግሞ ሌላ ኮሚት ይጨምራል። ፐርፎርም ስትለው ታጉን አውርዶ፣ ቢልድ አድርጎ (ገንብቶ) ወደ ሪፖዚተሪው፣ ማለትም ወደ ማተሚያ ማከማቻው ይልካል። ሲሠራ ደስ ይላል። መሃል ላይ ከተሰበረ ግን ጉድ ነው። ታጉ ወጥቷል፣ ጃሩ (የተገነባው ፋይል) አልወጣም። ታግ አጥፋ፣ ኮሚት መልስ ስትል ታመሻለህ።

አሁን ነገሩን ገልብጬዋለሁ። ቨርዥን ፋይል ውስጥ አልጽፍም፤ ከጊት ታግ ይሰላል። ግሬድል (ሌላው የመገንቢያ መሣሪያ) ላይ ከሆንክ አክሲዮን ሪሊዝ የሚባል ፕለጊን አለልህ። የመጨረሻው ታግ 1.4.0 ሆኖ ከዚያ ወዲህ ኮሚት ካለ፣ 1.4.1 ስናፕሾት ይልሃል። ታጉ ላይ ከቆምክ 1.4.0 ነው። ሜቨንን ካልለቀቅክ ደግሞ ከ3.5.0 ጀምሮ ሪቪዥን በሚባል ተለዋዋጭ ቁጥሩን አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ ይቻላል። ፍላተን ፕለጊንን ግን አብረህ ጨምር። አለበለዚያ በታተመው ፖም (የሜቨን ፕሮጀክት መግለጫ ፋይል) ውስጥ በቁጥሩ ፈንታ ተለዋዋጩ እንዳለ ይሄድና ተጠቃሚዎችህ ጋ ቢልዱ ይሰበራል።

አንድ ነገር ልንገርህ። ላፕቶፔ ላይ 2.3.1 ስናፕሾት የነበረው ፕሮጀክት፣ ሲአይ (ኮዱን በራሱ የሚገነባው ሰርቨር) ላይ 0.1.0 ስናፕሾት ሆኖ ቁጭ አለ። ግማሽ ቀን ሙሉ ፕለጊኑን ስረግም ነበር። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። የጊትሃብ አክሽንስ (የጊትሃብ ሲአይ) ቼክአውት፣ ኮዱን የሚያወርደው ደረጃ፣ ካልነገርከው በቀር የመጨረሻዋን ኮሚት ብቻ ነው የሚያወርደው። ታጎቹ አልመጡም። ታግ ያላየ ፕለጊን ደግሞ ከመጀመሪያው ይቆጥራል፤ ምን ያድርግ? ፌች ዴፕዝ (fetch-depth) የሚባለውን ቅንብሩን 0 አደረግኩት፣ ታሪኩ በሙሉ ወረደ፣ ቁጥሩም ተስተካከለ።

ከኮሚት መልእክት ቁጥር የሚያወጡም አሉ፣ ሴማንቲክ ሪሊዝን የመሰሉ። መልእክትህን ፊክስ (fix፣ ማረሚያ) ብለህ ከጀመርክ የመጨረሻው ቁጥር ይጨምራል፣ ፊት (feat፣ አዲስ ነገር) ካልክ የመሃሉ። ቡድንህ «ትንሽ ማስተካከያ» እያለ ኮሚት የሚያደርግ ከሆነ ግን አትሞክረው።

ማተሙ ላይ ጥንቃቄ አድርግ። ሜቨን ሴንትራል (ጃሮች ለሁሉም የሚታተሙበት ሪፖዚተሪ) ላይ አንዴ የወጣ ቨርዥን አይተካም፣ አይሰረዝም። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽንህ ላይ ሎካል ሪፖዚተሪ ውስጥ አውጣና ፖሙን ከፍተህ በዓይንህ እየው። የሶርስና የጃቫዶክ ጃር፣ የጂፒጂ ፊርማም ይጠይቅሃል። የድሮ መመሪያ ካገኘህ ደግሞ ቀኑን እይ። ኦኤስኤስአርኤች (OSSRH) የሚባለው ወደ ሴንትራል የመላኪያ የድሮ መንገድ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2025 ተዘግቷል፤ ሴንትራል ፖርታልን የሚያውቅ ፕለጊን ያስፈልግሃል።

ሜቨን ነው ግሬድል የምትጠቀመው? ሜቨን ከሆነ የፍላተን ማስተካከያዬን እለጥፍልሃለሁ።