መልስ፦ የሊትል ሞርተን ሆል መስመሮች ይቅኑ ወይስ እንደጠመሙ ይሠሩ?

ሊትል ሞርተን ሆልን ከፎቶ እያየህ በሞዴል ስትሠራ የጠመሙትን መስመሮች ላቅናቸው ወይ ብለሃል። አታቅናቸው። ያየኸው መጣመም የፎቶው ችግር አይደለም፤ እንግሊዝ ውስጥ ቼሸር ያለው የድሮ የእንጨት ቤት ራሱ እንደዚያ ነው።

ምክንያቱ ከላይ ነው። የደቡቡ ክንፍ በ1560ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲሠራ ከሁሉም በላይ ባለው ፎቅ ላይ 21 ሜትር ገደማ የሚረዝም አዳራሽ ተጫነበት። ጣሪያው ደግሞ ከባድ የድንጋይ ጠፍጣፋ ነው። ያ ሁሉ ክብደት የታችኞቹን ፎቆች አጎበጣቸው።

ታዲያ ለምን አልወደቀም? ሸክሙን የያዘው የኦክ እንጨት አጽሙ ስለሆነ ነው። እንጨቶቹ እርስ በርስ ተሰክተው በእንጨት ችንካር ተያይዘዋል፤ መጋጠሚያው ትንሽ እየላላ ከጭነቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። በመካከል ያለው ምርግ ክፍተት ይሞላል እንጂ ምንም አይሸከምም።

ስለዚህ ሞዴሉን እንዲህ ሥራው፦
1. መጀመሪያ አጽሙን ብቻ አቁም።
2. የአዳራሹን ወለል መሃሉ ላይ ዝቅ አድርገው።
3. ምርጉን መጨረሻ ላይ፣ የጎበጠውን ክፍተት እየለካህ ቁረጥ። እያንዳንዱ ቅርጹ ይለያያል።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ ተሳስቼበታለሁ። የ16ኛውን ክፍለ ዘመን መልክ ልሥራ ብዬ እንጨቱን ጥቁር፣ ግድግዳውን ነጭ ቀባሁት። ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን እንደገና ፋቅሁት። ጥቁርና ነጩ የቪክቶሪያ ዘመን (የ19ኛው ክፍለ ዘመን) ፋሽን ነው። ድሮ ኦኩ ሳይቀባ ቆይቶ ወደ ብርማ ግራጫ ይለወጥ ነበር፤ ምርጉም ቢጫማ የአፈር ቀለም ነበረው። ቀለም ከመግዛትህ በፊት የትኛውን ዘመን እንደምትሠራ ወስን።