ለሬድ ድራም ዘንግ ከመግዛትህ በፊት ከቤይቱና ከእርሳሱ ጀምር

ጥያቄውን ያነሳው ወንድማችን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ሲያጠምድ አድጎ አሁን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። በኦክቶበር አትላንቲክ ዳር ወዳለችው አሳቲግ ደሴት ሄዶ፣ አሸዋው ላይ ቆሞ ሬድ ድራም የሚባለውን የባሕር ዓሣ ማጥመድ ይፈልጋል። ጓደኛው የሰጠው 7 ጫማ ዘንግ አለው። «እሱ ይበቃኛል ወይስ አዲስ ልግዛ? ቤይቱስ (መንጠቆው ላይ የሚሰካው ምግብ) ሽሪምፕ ቢሆንስ?» ብሏል።

ወንድሜ፣ 7 ጫማው ለትልቅ ድራም አይበቃም። ግን እንዳትጥለው፤ ሥራ አለው፣ እነግርሃለሁ። ሽሪምፑን ደግሞ ለትናንሾቹ ዓሦች ተወው።

ብዙ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚመርጠው ዘንግ ነው። እኔ ከሌላኛው ጫፍ ጀምር እላለሁ። ዓሣው ምን ይበላል? ያንን ምግብ የሚሸከም መንጠቆ የትኛው ነው? ምግቡ በማዕበል ሳይንከባለል መሬት ላይ እንዲቀመጥ ስንት አውንስ እርሳስ፣ ማለትም ክሩን የሚያሰጥም ክብደት፣ ያስፈልጋል? እነዚህን ከመለስክ ምን ዓይነት ዘንግ እንደሚያስፈልግህ ታውቃለህ።

ወሩን በደንብ መርጠሃል። በመከር ውሃው መቀዝቀዝ ሲጀምር ሙሌት የሚባለው ዓሣ በመንጋ ሆኖ ባሕሩን ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ደቡብ ይጓዛል። ድራሙም ይከተለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫህ ትኩስ ሙሌት ነው። እሱ ከሌለ ባንከር፣ እሱም ከሌለ ስፖት የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች። ባንከር ቅባታም ስለሆነ ሽታው ሩቅ ይሄዳል፤ ሥጋው ግን ለስላሳ ነውና ሲወረወር ቶሎ ይበተናል።

ትኩስ ስል ዛሬ ወይም ትናንት የተያዘ ማለቴ ነው። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ። ቀዝቅዞ የቆየ ዓሣ ሲቀልጥ ሥጋው ይላሽቃል፣ ደሙም አብሮት ይወጣል። ድራም ደግሞ ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው በሽታ ነው፣ ያውም በደፈረሰና በጨለማ ውሃ ውስጥ። በእኔ እምነት በትኩስና በቆየ ቤይት መካከል ያለው ልዩነት በ100 ዶላርና በ400 ዶላር ዘንግ መካከል ካለው ይበልጣል። ገንዘብህን እዚህ ላይ አትቆጥብ። ኦሽን ሲቲ አካባቢ ያሉ የማጥመጃ ሱቆች ቀድመህ ደውለህ ከጠየቅሃቸው ትኩስ ምን እንዳላቸው ይነግሩሃል። ከገዛህ በኋላ በፕላስቲክ ከረጢት አሽገህ በረዶ ላይ አስቀምጠው። የቀለጠው ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ከቀዘቀዘው አይሻልም።

አቆራረጡም ለውጥ ያመጣል። ቅርፊቱን ፋቀው፣ ከዚያ ወፍራም ወፍራም አድርገህ በአግድሙ ቁረጠው። ጭንቅላቱን እንዳትጥል! ብሉፊሽ የሚባለው ስለታም ጥርስ ያለው ዓሣ ለስላሳውን ሥጋ በደቂቃ ውስጥ ገምጦ ይጨርሰዋል። ጭንቅላት ግን ይቆይለታል። ትልቅ ድራም የሙሌት ጭንቅላት እንዳለ ይውጣል። ብሉፊሹ በጣም ካስቸገረህ ወደ ሸርጣን ቀይር። የላይኛውን ልባስ አንሳና ለሁለት ሰንጥቀው፣ መንጠቆውን እግሩ በበቀለበት ቀዳዳ አሳልፈው። ዓሣም ሆነ ሸርጣን ብትሰካ የመንጠቆው ጫፍ ተሸፍኖ እንዳይቀር፣ ወጥቶ መታየት አለበት። ባይነካም በየ20 እና 30 ደቂቃው አውጥተህ ቀይረው፤ ታጥቦ የነጣ ሥጋ የሚስብ ሽታ የለውም።

እዚህ ላይ ነው ያ 7 ጫማ ዘንግ የሚጠቅምህ። ትንሽ መንጠቆና የሽሪምፕ ቁራጭ አድርገህ ቅርብ ወርውረው። ስፖት ከያዘልህ ከእሱ የተሻለ ትኩስ ቤይት ሱቅ አታገኝም።

መንጠቆው ሰርክል የሚባለው፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው ይሁን። ለትልቅ ድራም መጠኑ 8/0 ገደማ። በዚህ መንጠቆ ዓሣው ሲነካ ዘንጉን መንጨቅ የለም። ዓሣው ይዞ ሲሄድ ራሱ ከንፈሩ ጥግ ላይ ይሰካበታል፤ አንተ ዘንጉ ሲጎብጥ አንስተህ መጠምጠም ብቻ ነው። ከመንጠቆው እስከ እርሳሱ ያለው ክር አጭር ይሁን፣ ከ6 ኢንች አይብለጥ። አንደኛ፣ ስትወረውር ቤይቱ እየተሽከረከረ ርቀት አይቀንስብህም። ሁለተኛ፣ ዓሣው ገና ሳይውጠው የእርሳሱ ክብደት ይሰማዋልና መንጠቆው ሆዱ ድረስ አይገባም። ይህ ለዓሣው ሕይወት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን እርሳሱ። በተረጋጋ ቀን 4 ወይም 5 አውንስ ሊበቃ ይችላል። የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስና ውሃው በጎን ሲጎትት ግን 6፣ አንዳንዴም 8 ያስፈልጋል። ሰሜን ካሮላይና፣ ሃተራስ ደሴት ላይ ያሉ አጥማጆች «8 እና ቤይት» የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው። ባለ 8 አውንስ እርሳስና አንድ ጭንቅላት አብሮ የሚወረውር ዘንግ ማለት ነው። ድራምን በተመለከተ እነዚህን ሰዎች መስማት ይገባል፤ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነው 94 ፓውንድ ከ2 አውንስ ሬድ ድራም በ1984 የተያዘው እዚያው ደሴት ላይ ባለችው ኤቨን መንደር ነው። የእርሳሱን ቅርፅ በተመለከተ ፒራሚዱ ለመካከለኛ ውሃ ጥሩ ነው። ውሃው ሲበረታ አሸዋውን በሽቦ እግሮቹ ቆንጥጦ የሚይዘው ስፑትኒክ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ዘንጉ ቀላል ነው። ከመያዣው በላይ የሚሸከመው አውንስ ተጽፎበታል። 10 ወይም 11 ጫማ ሆኖ እስከ 8 አውንስ የሚል ካገኘህ ለአሳቲግ ይበቃሃል። ቤይቱም ክብደት እንዳለው አትርሳ፤ እስከ 6 የሚል ዘንግ ላይ 6 አውንስ እርሳስና አንድ ጭንቅላት ጭነህ ባለ በሌለ ኃይልህ ብትወረውር ሊሰበር ይችላል። ክሩ ከሚጠመጠምበት ሪል ለጀማሪ የሚሻለው ስፒኒንግ የሚባለው ነው፤ 8000 የሚል መጠን ያለው፣ ቢያንስ 250 ያርድ ክር የሚይዝ። ክሩ ባለ 30 ወይም 40 ፓውንድ ብሬድ (የተጎነጎነ ክር) ይሁን።

አንድ ነገር አደራ። ብሬዱን በቀጥታ እርሳሱ ላይ አትሰረው። መሃል ላይ ሾክ ሊደር የሚባል ወፍራም ናይሎን ይግባ። ስሌቱ ለእያንዳንዱ አውንስ 10 ፓውንድ ነው፤ ለ6 አውንስ ባለ 60፣ ለ8 አውንስ ባለ 80። ርዝመቱ ለመወርወር ስትዘጋጅ ሪሉ ላይ ብዙ ዙር ተጠምጥሞ የሚቀር ይሁን። ስትወረውር ክሩ ከተበጠሰ ያ እርሳስ በጥይት ፍጥነት ሄዶ ሰው ሊገድል ይችላል። አሳቲግ ላይ ልጆች ውሃው ዳር ይሮጣሉ። በዚህ ቀልድ የለም።

የት እንደምትወረውርም ልንገርህ፤ ሩቅ መወርወር ብቻውን ዋጋ የለውም። ከተቻለ ውሃው ሲጎድል ቀድመህ ድረስና ባሕሩን እየው። ማዕበሉ ሩቅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚሰበርበት ደለል (ውሃ ውስጥ ያለ የአሸዋ ጉብታ) አለ። በደለሉና በዳሩ መካከል ጠቆር ብሎ የሚታየው ጥልቅ ውሃ ነው። ደለሉ ተቆርጦ ውሃ የሚወጣበት ቦታ ካገኘህ የዚያን ጠርዝ ያዝ። ድራም በዚያ በር ይገባል ይወጣል። ብዙ ጊዜ ዓሣው 40 እና 50 ያርድ ላይ ሆኖ ሳለ ሰው በላዩ አሻግሮ ይወረውራል። ሰዓቱ ከምሽት ጀምሮ ሌሊቱን፣ ከዚያም ንጋት ላይ ነው።

ዘንጉን የምትተክልበት የፕላስቲክ ቱቦ ረጅም ይሁን፣ በደንብም ቅበረው። ትልቅ ድራም ሲነሳ ዘንጉን ከነሪሉ ወደ ባሕር ይወስደዋል።

ብላክ ድራም የሚባለውን ሌላውን ዓሣ ከፈለግህ ጊዜው ሌላ ነው፣ ሜይና ጁን። እሱ እንደ አምባዛ አገጩ ሥር ጢም አለው። ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጠንካራ ጥርሶች ዛጎል ይሰባብራል። ለእሱ ክላም (ዛጎል ውስጥ የሚኖር ለስላሳ የባሕር እንስሳ) ወይም ሸርጣን ነው የሚሰካው። ክላም ለስላሳ ስለሆነ በቀጭን ላስቲክ ክር መንጠቆው ላይ አስረው።

ፈቃድ አውጣ። ደሴቲቱ ከፊሏ ሜሪላንድ ከፊሏ ቨርጂኒያ ስለሆነች የምታጠምድበትን ጎን ለይ። በሜሪላንድ በኩል ወደ ቤት የሚወሰደው ትልቁ ሳይሆን ርዝመቱ በሕግ የተወሰነው ትንሹ ሬድ ድራም ብቻ ነው፤ ከስንት እስከ ስንት ኢንችና በቀን ስንት እንደሚፈቀድ ከመነሳትህ በፊት የዲ ኤን አር (የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ እየው። ለጉላሽም ለጥብስም የሚጣፍጠው ይኸው ትንሹ ነው። ትልቁ እስከ 60 ዓመት የሚኖር፣ እንቁላል ጥሎ ዘር የሚተካ ዓሣ ነው። በስንጥቡ አንጠልጥለህ ፎቶ አትነሳበት። እጅህን አርጥበህ፣ ሆዱን ደግፈህ በአግድሙ ያዘው፣ ቶሎ መልሰው። ከደከመ ውሃ ውስጥ ይዘኸው ቆይ፣ ራሱ ጅራቱን መትቶ እስኪሄድ።

አዲስ ዘንግ ሱቅ ላይ ካየህ ከመክፈልህ በፊት የተጻፈበትን የአውንስ ቁጥር ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው። አብረን እናየዋለን።