ውሃ ልርጭባት? ስለ ድመትና ውሻ ዐመል ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ቤት እንስሳት ዐመል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። አብዛኛው ጥያቄ ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ፀጉር ቤት ስለምናየው የውሃ መርጫ። ድመቷ ሶፋ ስትቧጭር ፊቷ ላይ ፊስስ፣ ውሻው ሲጮህ ፊስስ።

ሐኪም አይደለሁም። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ውሾችና ድመቶች ከሰው ጋር ተግባብተው እንዲኖሩ በማለማመድ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እኔ አልረጭም። ለምን እንደሆነ ከመልሶቹ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ ድመቴ ሶፋውን ጨረሰችው። ጓደኛዬ «ውሃ እርጪባት» አለችኝ። ይሠራል?

መልስ፦ ለጊዜው ይሠራል። ችግሩም እሱ ነው። ውሃው ሲነካት ትሸሻለች፤ አንቺም «ገባት» ትያለሽ። የገባት ግን ሌላ ነው። «እሷ ቤት ስትሆን ሶፋው ጋ መሄድ ጥሩ አይደለም» ነው የገባት። አንቺ ሥራ ስትሄጂ ሶፋው የሷ ነው።

ይህን ከራሴ ቤት ነው የማውቀው። የመጀመሪያዋን ድመቴን፣ ውሪትን፣ ሁለት ወር ያህል ውሃ ረጭቼባታለሁ። ሶፋውን አልተወችም። የተወችው እኔን ነው። መርጫውን ባልይዝም እጄን ወደ ጠረጴዛው ስዘረጋ አልጋ ሥር ትገባ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ድመት የምትቧጭረው ልታናድድሽ ብላ አይደለም። ያረጀውን የጥፍሯን ሽፋን ታወልቅበታለች። ጀርባዋን ታፍታታበታለች። መዳፏ ሥር ባሉት ዕጢዎችም ጠረኗን ትታ ትሄዳለች። አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ያሉት እውነታቸውን ነው። እንግዲያው ለዐመሏ ቦታ ስጪው። መርካቶ ሄደሽ የቃጫ ገመድ ግዢ። ወፍራም እንጨት ላይ ጥብቅ አድርገሽ ጠምጥሚው። ተንጠራርታ የምትደርስበት ቁመት ይኑረው፤ 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይበቃል። ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ አትጠጋውም። ሶፋው አጠገብ አቁሚው፤ ጓዳ አትደብቂው። እሱን ስትቧጭር ወዲያው ቁራሽ የተቀቀለ ጉበት ስጫት። የሶፋውን ጥግ ለጥቂት ሳምንት በወፍራም ላስቲክ ሸፍኚው።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ጥፋቱን እንደሠራ በዚያችው ቅጽበት ብረጭስ? ሰዓቱ ከተጠበቀ ይማራል ይባላል።

መልስ፦ ሰዓቱ ወሳኝ መሆኑ ልክ ነው። ቅጣትም ሆነ ሽልማት በአንድ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልደረሰ እንስሳው ከሠራው ነገር ጋር አያያይዘውም። ግን አስበው። መርጫውን ፈልገህ፣ ብድግ ብለህ፣ እስክታነጣጥር ውሻው ከሶፋው ወርዶ ወደ አንተ እየመጣ ነው። ውሃው የሚያርፍበት አንተን ብሎ ሲመጣ ነው።

ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው፣ በውሾቹ ያሳየን ይህንኑ ነው። ከምግብ በፊት አዘውትረው የሚሰሙት ድምፅ በኋላ ብቻውን ምራቃቸውን ያመጣው ነበር። አብረው የሚመጡ ነገሮች በእንስሳ አእምሮ ይጣበቃሉ። ያንተ ፊትና ውሃው አብረው ከመጡ የሚጣበቁት እነሱ ናቸው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው አቋም ውሻ በሽልማት ብቻ እንዲሠለጥን ነው የመከረው።

ጥያቄ፦ ቋንጣ ሰቅዬ ዞር ስል ድመቷ እላዩ ላይ ናት። እዚህ ላይ እንኳ ውሃ አይፈቀድም?

መልስ፦ ክፍሉን ዝጊው፣ እህቴ። አንዴ ከተሳካላት ያች አንድ ዘለላ ቋንጣ ከሃያ ርጭት ትበልጣለች። ድመት ከፍታ ትወዳለችና መስኮት አጠገብ የምትወጣበት ነገር አዘጋጂላት። ነጭ ሽንኩርት የገባበት ቋንጣ ከሆነ ደግሞ ለሷም መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ፣ ልጄ። ፒያሳ ግቢ ውስጥ ያደገ ውሻችን አሁን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰው በደረጃው ባለፈ ቁጥር ይጮኻል። ጎረቤት ተማረረ። ትንሹ ልጄ ውሃ ይረጭበታል፤ ጭራሽ ባሰበት።

መልስ፦ እማዬ፣ ይህ ጥያቄ ልቤን ነካው። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ከፒያሳም ከካዛንቺስም ብዙ ቤተሰብ ተነሥቷል። ውሻው ግቢ ሳለ በር ላይ መጮህ ሥራው ነበር። «ጎበዝ» ስትሉት ኖራችኋል። አሁን ያንኑ ሥራ ሲሠራ ውሃ ይረጭበታል። የባሰበትም ለዚህ ነው። ቀድሞ «ሰው መጣ» ብሎ ነበር የሚጮኸው። አሁን «ኮቴ ሲሰማ ውሃ ይመጣል» ብሎ ፈርቶ ይጮኻል።

መጀመሪያ አልጋውን ከበሩ ያርቁለት። ሬዲዮ ዝቅ አድርገው ይክፈቱ፤ ኮቴውን ይሸፍናል። ጠዋት በገመድ ታስሮ ግማሽ ሰዓት ይውጣ፤ እያሸተተ ይሂድ እንጂ አታስሩጡት። ውሻ በአፍንጫው ሲሠራ ይደክመዋል። ከዚያ መርጫውን ለልጁ ያስጥሉትና ሌላ ሥራ ይስጡት። ልጁ ደረጃው ላይ በዝግታ ይራመድ። እርስዎ ውስጥ ሆነው ኮቴው እንደተሰማ፣ ውሻው አፉን ሳይከፍት፣ ቁራሽ ምግብ ይስጡት። ኮቴ፣ ቁራሽ። ኮቴ፣ ቁራሽ። በቀን ሁለቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ። ብዙ ጊዜ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ኮቴ ሲሰማ ፊቱን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ እርስዎ ያዞራል። ለጎረቤትም «እያለማመድነው ነው» ብለው ይንገሯቸው። ሰው ጥረት ሲያይ ይታገሣል።

ጥያቄ፦ ውሃው ላይ ሎሚ ወይ አቼቶ ጠብ ባደርግበትስ? ሚጥሚጣ የሚጨምርም አለ።

መልስ፦ በፍጹም። ዐይን ያቃጥላል፣ ይጎዳል። በረኪና ወይም የመስታወት ማጽጃ የነበረበትን መርጫም ለእንስሳ አትጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ሲረጭበት አፉን ከፍቶ ውሃውን ሊይዝ ይዘላል።

መልስ፦ ጨዋታ ሆኖለታል። እየሸለምከው ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ሲበላ ልጄ ከቀረበችው ያጉረመርማል። በውሃ ላስቆመው?

መልስ፦ እባክህ እንዳታደርገው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን ከቀጣኸው ማጉረምረሙን ይተውና ዝም ብሎ መንከስ ይለምዳል። ከዛሬ ጀምሮ ሲበላ ልጅቷ የማትደርስበት ክፍል ይሁን። ከዚያ ውሻ ወደሚያለማምድ ሰው ወይም ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰደው። እግዚአብሔር አይበለውና ከነከሰ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠብ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተጀመረ ያድናል።

ጥያቄ፦ ወንድ ድመቴ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። ብረጭበት ይተዋል?

መልስ፦ አሸዋው ላይ ተቀምጦ እያማጠ ሽንቱ ጠብ ጠብ ብቻ የሚል ወይም ጭራሽ የማይወጣ ከሆነ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ሐኪም ጋ ውሰደው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ሲዘጋ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ይህ የዐመል ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ሌሊት በድምፅ ማጉያ ቅዳሴ ወይ አዛን ሲሰማ ያላዝናል። አያቴ «ክፉ ነገር ሊመጣ ነው» ትላለች።

መልስ፦ ረጅም ድምፅ ሲሰሙ ድምፅ መመለስ የውሾች ተፈጥሮ ነው። አያትህን በአክብሮት አረጋጋት። ውሻውን ተወው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ውሃ ጨርሶ አይጠቅምም?

መልስ፦ ሁለት ውሾች ተናክሰው ሲያያዙ ባልዲ ውሃ ድፋባቸው። እጅህን መሐል አታስገባ። እዚያ ላይ ማስተማር አይደለም የምንፈልገው፤ ማላቀቅ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ለወራት ረጭቻለሁ። አሁን ድመቴ ትፈራኛለች። ይመለሳል?

መልስ፦ ይመለሳል። መርጫውን ከቤት አውጪው፤ ስታየው እንኳ ትሸሻለችና። አትከተያት፣ አታንሻት። ወለሉ ላይ ጎን ሰጥተሽ ተቀመጪ፤ አትኩረሽ አትዪያት። ቁራሽ ጉበት ራቅ አድርገሽ ጣይላትና ተያት። በየቀኑ አንድ ክንድ እያቀረብሽ ሂጂ። እጅሽን ራሷ አሽትታ ስትጨርስ ብቻ አገጯን እከኪላት። ውሪት በገዛ ፈቃዷ ጭኔ ላይ እስክትወጣ ስድስት ሳምንት ፈጅቷል። የወጣችው ማታ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርቼ።